ውክልና ለተኳሿ

የካቲት 6

ለልጄ፣ ለወደፊቷ ሥራ አስኪያጅ፤

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለውናል መምህራችን፤ ስለዚህ ሰላም ብያለሁ። ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው አለቀ፤ አሁን ወደ ጠቡ እንግባ።

«ማን ጻፈልሽ?» ትይኛለሽ? እኔን? ዘጠኝ ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ እግሬን እየጎተትኩ፣ ከባንኩ ዘበኛ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቄ ፊደል የተማርኩትን ሴትዮ «ማን ጻፈልሽ»! የጥር ወሩንም ደብዳቤ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ይሄንንም እኔው ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንቺን እያነበበች፣ የኔን እየጻፈች ያገናኘችን ተኳሿ ናት፤ አልካድኩም። (መምህራችን ይሄን ቃል ደብተሬ ላይ ሲያዩት «ጠመንጃ የያዘች ሠራተኛ አለችሽ እንዴ?» ብለው ደንግጠው ነበር። ካውያ ነው የያዘችው ብዬ አረጋጋኋቸው።) አሁን ግን አሰናብቻታለሁ። ከደብዳቤው ሥራ ማለቴ ነው፤ ከካውያውማ ማን ሊነቅላት!

ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ነኝ። ሁለተኛው ዘበኛው ነው፤ እሱም ከኔ እየቀዳ። ሦስቱን ሀ ለምን ሦስት አደረጓቸው ብዬ ጠይቄ መምህሩን ያፋጠጥኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ሥራ ሦስት ሠራተኛ! ኮሌጅ ያላችሁት ሰዎች ይሄን ነው ማስተካከል የነበረባችሁ።

ያንቺንም ትምህርት አየሁት። ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር ብለሽ በተርታ ጽፈሽልኛል። ልጄ፣ አራት ዓመት ለዚህ ነው? እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ቁርስ ሳልበላ ነው የምጨርሰው። ግን ተማሪ። የጀመሩትን መጨረስ ጥሩ ነው።

ትልቁን ዜና ለመጨረሻ አቆየሁት፦ አዲሱ ሆስፒታል ሦስት መቶ ስልሳ የደንብ ልብስ አዞናል። ለሚያዝያ ሠላሳ። ስድስት ማሽን፣ ስድስት ሰፊ፣ አንድ ተኳሽ፣ አንድ ቆራጭ። ቆራጯ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መቀስ የያዘ ሌላ እጅ የለም፤ ያለ ንድፍ፣ በዓይኔ ለክቼ!

ስልክ አትደውይልኝ። ስልክ መጻፍ ለማይችል ሰው ነው። በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ላኪልኝ፤ ሳነብ የሚያየኝ ሰው ይብዛ።

ፊደሉ ትንሽ ቢያጋድል ወንበሩ ነው።

እናትሽ፣ በገዛ እጇ


የካቲት 19

እማዬ፣

ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። «ማን ጻፈልሽ» ያልኩት ደንቆኝ ነው እንጂ ንቄሽ አይደለም። የሦስቱን ሀ ነገር የሥራ አመራር መምህራችን ሰምተው ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ተከራከረበት። እውነቴን ነው። ደግሞ አትንቀባረሪብኝ።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ባለፈው ሳምንት ከሦስት መቶ ስልሳው ስንቱን ቆረጥሽ ብዬ ጠየቅኩሽ። ስለ ዘበኛው ሙሉ ገጽ ጻፍሽልኝ፤ ስለ መቀሱ አንድ መስመር የለም። የጥር ደብዳቤሽንም አውጥቼ ከአሁኑ ጋር አስተያየሁት። ያኔ ፊደልሽ ወደ ቀኝ ነበር የሚያጋድለው፤ አሁን ወደ ግራ ነው። ወንበር እንዲህ አያደርግም፣ እማዬ።

እኔ ደህና ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ጀምሬያለሁ፤ የማቀርበው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ፈተና፣ ከዚያ ተገላገልኩ።

ልጅሽ


የካቲት 28

ልጄ፣ ሰላም ብያለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ልቤ ጮቤ እየረገጠ ነው። ትናንት መምህራችን ክፍሉን ሁሉ አስነሥተው አስጨበጨቡልኝ! «በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ፣ ፊደል በቆጠረ በዓመቱ በቀኝም በግራም እጁ የሚጽፍ ተማሪ አላጋጠመኝም» አሉ። ዘበኛውን ቅናት ሊገድለው ነው። «እኔም እኮ በግራዬ ብሞክር» ሲል «መጀመሪያ በቀኝህ ቻለው» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ወይ ጉዴ። ምን ነካኝ?

አሁን መልሼ ሳነበው ነው የታየኝ። በእስክሪፕቶ ነው የጻፍኩት፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ መላክ ነውር ነው ተብለናል። በሌላ ወረቀት እንዳልጀምር ደግሞ ይሄኛው አምሮልኛል። «አስጨበጨቡልኝ» የሚለውን እስቲ እዪው፤ አንዲት ፊደል አልሳትኩም! ሰው በአፉ ይያዛል፣ እኔ በእጄ ተያዝኩ።

እንግዲህ ስሚ። ጥር 27 ቀን የጨርቅ ጥቅል ተሸክሜ ደረጃውን ስወርድ ጥቅሉ ወደቀ። የወደቀው ጥቅሉ ነው፤ እኔ ተከተልኩት እንጂ። ጨርቁ ምንም አልሆነም። የቀኝ እጄ አንጓ ግን ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ ነው፤ «ጀሶው ቢፈታም እስከ ክረምት መቀስ የሚባል ነገር እንዳትይዢ» አለኝ። ፊደሉ ለሁለቱም እጆቼ እኩል አዲስ ስለሆነ ግራዬ ቶሎ ለመደችው። መቀስ ግን አልታዘዝ አለቻት፤ የኛ መቀስ የተሠራው ለቀኝ ነው። ሞክሬ አንድ እጅጌ ገደልኩ።

ከመውደቄ በፊት የተቆረጠው ሠላሳ ሁለት ነው። ሰፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ተኳሿ የምትተኩሰው ብታጣ የሱቁን መጋረጃ አራት ጊዜ ተኩሳዋለች።

ሦስት ወር ነው የቀረሽ። አትምጪ። ይሄን በትልልቁ ጽፌዋለሁ፣ አላየሁም እንዳትይ።

እናትሽ


መጋቢት 3

እማዬ፣

አንድ ወር ሙሉ! በተሰበረ እጅ አንድ ወር ሙሉ ስለ ዘበኛ! ስቄም አልቅሼም ጨረስኩ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ። ትምህርቴን ለዘንድሮ እንዳቋርጥ የሚጠይቅ ማመልከቻም ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዓመቱ ቢቃጠል ይቃጠል፤ ዓመት ይመጣል። ያ ትዕዛዝ ቢቀር ግን ስድስቱ ሰፊዎች ወዴት ይሄዳሉ? መቁረጥ እንደሆነ ጠረጴዛሽ ሥር ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው ያደግኩት።

እንዳልመጣ ከፈለግሽ መንገዱ አንድ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ነው፦ አንድ ሰው ሁሉን በእጁ ከያዘ፣ እጁ የተሰበረ ቀን ድርጅቱም ይሰበራል። ስለዚህ ውክልና ስጪ። ለአንዲት ለምታምኛት ሰው ውክልና ስጪና መቁረጡን ለሷ ተዪላት። እስከ ዓርብ በሾፌሩ እጅ «ሰጥቻለሁ» የሚል ቃል ካልደረሰኝ ቅዳሜ በር ላይ ጠብቂኝ።

ልጅሽ


መጋቢት 6

ለተማሪዋ ልጄ፤

ትኬትሽን መልሺ። በዚህ ቤተሰብ እኔ ሳላዝ የሚቆርጥ የለም፣ ትኬትም ቢሆን። ውክልና ስጪ አልሽኝ፤ ሰጠሁ። የተማረ ልጅ ሲናገር የምሰማ እናት ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ተኳሿን የሥራ ሽርጧን ሳትፈታ ይዣት ወጣሁ። መንገድ ላይ «እትዬ፣ የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ። «ልሾምሽ ነው» አልኳት። «ምን አጥፍቼ?» አለችኝ።

ውል አዋዋይ ቢሮው ውስጥ ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ወኪሏ ማን ናት?» አለ። «ተኳሿ» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። «ካውያ ነው ወንድሜ፣ ካውያ» አለች እሷ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ።

የተዘጋጀውን ወረቀት አወጣና «ላንብብልሽ፣ እማማ» አለኝ። እማማ! «አምጣው» ብዬ ነጠቅኩት። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፦ በስሜ ሆና እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ፣ እንድታከራይ፣ ሰው እንድትቀጥር፣ እንድትዋዋል፣ እንድትፈርም፣ እንድትከስ፣ እንድትከሰስ። «እንድትከሰስ» ላይ ትንሽ ተንተፋተፍኩ እንጂ ሌላው እንደ ውሃ ነው የወረደው። ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ «አቤት አነባበብ!» አሉ። ስማቸውን ጠይቄ ይዣለሁ፣ ካላመንሽ።

ጨርሼ «ዋናው የለበትም» አልኩት።

«ምኑ?»

«እንድትቆርጥ የሚለው።»

«እማማ፣ እንዲህ የሚባል ሥልጣን የለም።»

«ይሄ ሁሉ ሥልጣን ተደምሮ የኔን መቀስ አያክልም፤ ጻፍ!»

አለቃውን ጠራ። አለቃው ደግሞ ሚስቱ እኛ ጋ የምታሰፋ ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። «ጻፍላት፤ ይሄ መቀስ ምን እንደሆነ አታውቅም» አለው። ተጻፈ። ማኅተምም አረፈበት። መጨረሻ ላይ ልጁ ቀለሙን አቅርቦ «አውራ ጣትሽን» አለኝ። የምን አውራ ጣት! ፈረምኩ። በግራዬ።

ስንመለስ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተኳሿ «እትዬ፣ ካውያውስ?» አለችኝ። ካውያው ለሁለተኛዋ ሰፊ ሆኗል።

ቁጭ ብለሽ ተማሪ።

እናትሽ፣ ወካይዋ


መጋቢት 9

እማዬ፣

ወረቀቱን ደግመሽ አንብቢው። ጮክ ብለሽ ሳይሆን ቀስ ብለሽ።

እኔ ውክልና ያልኩት የመጽሐፋችንን ቃል ነው። ሥራውን አካፍያት፣ የምትወስነውንም ልቀቂላት ማለት ነው። በቃል ይበቃ ነበር! አንቺ የሰጠሻት ግን ማሽኖቹን፣ ሱቁን፣ የምትኖሪበትን ቤት ሳይቀር መሸጥ የሚያስችል ሰነድ ነው። አስገድዶ ያስፈረመሽ የለም፣ ያታለለሽ የለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለፈተና የሸመደድኩትን ቃል ለሰው ሳላብራራ ላክሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ እንቅልፍ የነሣኋቸው ዓይኖቼ አሁን ጭራሽ እንቅልፍ አጡ።

ነገ ጠዋት ሄደሽ ሻሪው። ተኳሿን ክፉ ናት አላልኩም። ግን አብራሽ ስለሠራች ብቻ ይሄን ያህል ይታመናል? እንዴት ነው እንዲህ የምታምኛት? ይሄን መልሺልኝ፤ በቀልድ አይደለም።

ልጅሽ


መጋቢት 14

ልጄ፣

በቀልድ አይደለም ስላልሽ እስክሪፕቶዬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁ። ያለ ቀልድ መጻፍ ገና አልተማርንም።

ማንበብ እንደቻልኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንቺን የሦስት ዓመት ደብዳቤዎች ከሳጥኑ አውጥቼ ከአንዱ መጀመር ነበር። ለማንም አልነገርኩም። በመጀመሪያው ዓመትሽ ታኅሣሥ ላይ የጻፍሽው ትዝ ይልሻል? «እማዬ፣ ኮሌጁ አልሆነልኝም፣ ዛሬ የሒሳብ ፈተና ወደቅኩ፣ መኝታ ክፍሉ ብርድ ነው፣ ልመለስ ነው» ይላል። ይሄን እኔ ሰምቼው አላውቅም! ተኳሿ ስታነብልኝ «ደህና ነኝ፣ መኝታ ክፍሉ ብርድ ነው» ነበር ያለችኝ። እኔም ሹራብ ላክሁ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ወረቀቱን ይዤ ወርጄ «ለምን ዘለልሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። ካውያውን አቆመችው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ባነብልዎ በነጋታው አውቶቡስ ተሳፍረው ያመጧት ነበር። ቀኑን ይዩት፤ ፈተና በወደቀች ዕለት ነው የጻፈችው። ሹራቡ ይድረሳትና ቀጣዩን እንይ አልኩ። ቀጣዩም ልመለስ ካለ አነብልዎ ነበር።»

ቀጣዩን ፈልጌ አነበብኩት። ልመለስ አይልም። ስለ ሹራቡ ነው፣ እጅጌው ረዘመ ይላል።

መምህራንሽ ይሄን ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም። እኔ የማውቀው እኔ ልጄን ኮሌጅ ላክሁ፣ እሷ ደግሞ አቆየቻት። ከዚያ በኋላ ማሽን ትሸጥብኛለች ብዬ ልፍራ? ብትሸጠውም ደህና አድርጋ ነው የምትሸጠው።

አልሻርኩትም። ይልቅ የሠራነውን ስሚ። ሃያ ሁለት ዓመት በዓይኔ የለካሁትን እኔ እየተናገርኩ፣ በግራዬ ቁጥሩን እየጻፍኩ፣ እሷ ካርቶን ላይ እያሰመረች ቅዱን አወጣነው። ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ኪስ። ዓይኔ ውስጥ ይሄን ያህል ካርቶን እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር። ትናንት የመጀመሪያውን ጨርቅ ዘረጋች። እኔ አጠገቧ ቆሜ «ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ክሩን እዪ፣ አሥር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ» ስል መቀሱን አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ወረቀቱ ‹በስሜ ሆና› ነው የሚለው። ስሙ እዚህ ነው፤ ባለቤቷም እዚህ ከቆመች እኔ ምን እሠራለሁ? እባክዎ ይውጡልኝ።»

ከገዛ ሱቄ ተባረርኩ! ደጃፍ ያለው የደንበኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መቀሱ ሲሄድ ድምፁ ይሰማኛል። የማያመነታ ድምፅ ነው። ይሄን ለዘበኛው እንዳትነግሪብኝ፣ አለቀስኩ።

እናትሽ


ሚያዝያ 13

ልጄ፣

ማን ነገረሽ? ሾፌሩ ነው አይደል? ደብዳቤ አድርስ ስንለው ወሬም ጨመረበት። እውነት ነው፤ የሆስፒታሉ ግዢ ኃላፊ ትዕዛዙን ሊነጥቀን መጥቶ ነበር። እኔ ጀሶዬን ላስፈታ ክሊኒክ ነበርኩ። ሰፊዎቹ እየተቀባበሉ እንደነገሩኝ እጽፍልሻለሁ፤ አልጨመርኩበትም፣ ጥቂት ብቻ።

«ቆራጯ እጇ ተሰብሯል አሉ። ባለቤቷ የለችም?»

«አለች» አለች ተኳሿ።

«የታለች?»

«እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ሰውዬው አነበበ፣ አነበበና «እንድትቆርጥ?» አለ።

«ዋናው እሱ ነው። ይቀመጡ።»

ሦስት መቶ ስልሳው ሚያዝያ ሠላሳ ካልደረሰ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አላት። እሷም ምን ብትለው ጥሩ ነው? ሆስፒታሉ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው! የነርሶቹ ልብስ ነው አለ። እንግዲያው የነሱን መቶ ሰማንያ በቀኑ ይወስዳሉ፣ የጽዳቱንና የወጥ ቤቱን መቶ ሰማንያ ግንቦት ሃያ አምስት አለችው። አዲስ ውል ጻፈች፣ ፈረመች፣ አስፈረመችው። በስሜ!

እኔ ስመለስ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። «በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ‹ቀን ጨምሩልኝ› ብዬ አላውቅም!» ብዬ ጮኽኩ። «አዎ፣ እትዬ» አለችኝ፣ ከጨርቁ ቀና ሳትል፣ «ለዚህ ነው ደረጃውን በጥቅል የወረዱት።»

ስድስቱም ሰፊዎች በአንድ ጊዜ ክር ጠፋባቸው፤ ጎንበስ ብለው ክር ይፈልጋሉ። የሚደብቁት ሳቃቸውን ነው።

ደሜ ፈላ። «ውክልናውን ልሽረው ነው» ብዬ ወጣሁ። አዎ፣ አንቺ ሻሪ ስትይኝ እምቢ ያልኩት ሴትዮ፣ ያው ቢሮ፣ ያው ሰልፍ። ልጁ የመሻሪያ ወረቀት ሰጠኝ። ስም ይላል፣ ሞላሁ። ቀን ይላል፣ ሞላሁ። «የሻሩበት ምክንያት» ይላል። ሁለት መስመር ባዶ ቦታ። እስክሪፕቶውን በቀኜ ይዣለሁ፤ ጣቶቼ ከጀሶ እንደወጡ ገርጥተዋል። ሰረቀችኝ ልበል? አልሰረቀችም። አበላሸች? መቶ ሃያ ሁለት ልብስ ተቆርጦ ተደርድሯል። እውነቱን ልጻፍ ብል «ሳትጠይቀኝ ልክ ሠራች» ነው። ቃሉን መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፣ ይመዝገብልኝ። ግን ያ ልጅ ያንን እንዲያነብ አልፈለግኩም።

ወረቀቱን አጥፌ ተመለስኩ። «ተሳካልዎ?» አለችኝ። «ሰልፉ ረዘመብኝ» አልኳት።

አንቺ ግን ጽሑፍሽን ጨርሺ። ግንቦት መጨረሻ ሩቅ አይደለም።

እናትሽ


ሰኔ 4

ለልጄ፣ ለተመራቂዋ፤

እንኳን ደስ ያለሽ! ውጤትሽን ሰፈሩ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ ጆሮው አይሠራም። መምህራንሽ ጽሑፍሽ ውስጥ «እጅና ድርጅት» በሚለው ምዕራፍ ላይ ይሄ ምሳሌ ከየት ተገኘ ማለታቸውን ደግሞ ጨምሬ ነው የማወራው። ከየት ይገኛል? ከኔ አንጓ ነዋ! የቀረው መቶ ሰማንያም ግንቦት ሃያ አምስት ሄዷል። የግዢ ኃላፊው አንዱን ኮሌታ ገልብጦ አየና ፈረመ። በሱ ቤት ምስጋና ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሦስት ገጽ ሙሉ ዳር ዳሩን ስትዞሪ ቆይተሽ፣ መጨረሻ ላይ በጉንዳን ፊደል «የመድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት ሥራ ሰጥቶኛል፣ ግን አንቺ ነይ ካልሽኝ ነገውኑ እመጣለሁ» አልሽ። ነገሩን ከሚያዝያ ጀምሮ እንደደበቅሽኝ ያስታውቃል። መደበቅ ከኔ ነው የወረስሽው፤ አልቆጣም፣ ግን አትችዪበትም።

በኔ ቢሆን ይሄን ደብዳቤ ሳልጨርስ ነይ እልሽ ነበር። ጠረጴዛ ሁሉ አስቤልሻለሁ፣ መስኮቱ አጠገብ። ግን ሰው መቅጠር ወረቀቱ ውስጥ ስላለ ተኳሿን ጠየቅኳት። መቀሱን አስቀመጠች።

«ቦታ የለም፣ እትዬ።»

«ልጄ እኮ ናት!»

«ልጅዎ ስለሆነች ነው። ዛሬ ብትመጣ እርስዎም እሷን ያያሉ፣ እሷም እርስዎን ታያለች፣ ሥራውን የሚያይ ይጠፋል። ሰው ቤት ትሥራ፣ አለቃ ይቆጣት፣ እሷም ትቆጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከፈለገች ማመልከቻ ታምጣ፤ እንደ ማንኛውም ሰው እናያታለን።»

እንግዲህ ምን ላድርግሽ? ማኅተም አለው። ሥራሽን ጀምሪ፣ ልጄ፤ በሙሉ ልብሽ ጀምሪ። እዚህ እጄን የሚጠብቅ ሥራ የለም፣ ያንቺንም አይጠብቅም።

እኔም ሥራ አግኝቻለሁ። ሁለት ሰፊዎች መቁረጥ እንዲማሩ ተወስኗል፤ ወሳኟን ታውቂያታለሽ። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። «የሙከራ ጊዜዎ ሦስት ወር ነው» ብላኛለች፣ ዓይኔን እያየች፣ ሳትስቅ። ትናንት አንዷን «በዓይንሽ ለኪው» ስላት ሰምታ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። የቃል ነው፤ ቀጣዩ የጽሑፍ ይሆናል። የጽሑፉን እንኳ ጓጉቻለሁ፤ እስቲ ፊደሏን ልየው።

ለምርቃትሽ የሦስት ቀን ፈቃድ በማመልከቻ ጠይቄያለሁ። በንጹሕ ወረቀት፣ በቀኝ እጄ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት።

ሁለት ቀን ፈቅዳልኛለች።

እናትሽ